ዋስ ያልተጠራለት ፕሮግራም፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ርዳታ የተሠራ ሶፍትዌር ስለምን ይጠረጠራል?

እንደሚታወቀው፣ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ያዥ ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲቀጠር ተያዥ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ይህ የሚደረገው ተቀጣሪው ሌባ ነው ተብሎ ስለሚገመት አይደለም። ጉድለት በተገኘ ጊዜ «እኔ አለሁ» ብሎ የሚቆም፣ ስሙና አድራሻው የታወቀ ሰው አስቀድሞ እንዲኖር ስለሚፈለግ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ርዳታ ስለሚጻፉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚነሣው ጥርጣሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማሽኑ ችሎታ እንደ ቀረበ ክርክር ይቆጠራል፤ ማሽኑ ያውቃልን? ምን ያህልስ ይሳሳታል? የሚሉት ጥያቄዎች መድረኩን ይዘውታል። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ከችሎታው ጥያቄ በስተጀርባ የተያዥነት ጥያቄ ቆሞ ይገኛል።

ጉዳዩ ለትምህርት ቤቶችና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሩቅ አይደለም። ማርክ ሊስቱ፣ ሮስተሩ፣ የተማሪዎች ምዝገባና የመምህራን ድልድል ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ናቸው። ቀድሞ አንድ የምዝገባ ፕሮግራም ለማሠራት ባለሙያ መፈለግ፣ ጨረታ ማውጣትና ወራት መጠበቅ ግድ ነበር። ዛሬ ግን በሙያው ጥቂት ሥልጠና ያገኘ አንድ ወጣት የሚፈልገውን በተራ ቋንቋ ለማሽኑ በመንገር መልክ ያለው ፕሮግራም በአንድ ምሽት ሊያቀርብ ይችላል። አንድሬ ካርፓቲ የተባለው የመስኩ ታዋቂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ለዚህ ዐይነቱ አሠራር «ቫይብ ኮዲንግ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ይኸውም ሠሪው ኮዱን ሳያነብ፣ እንዲያውም ኮድ መኖሩን እስኪረሳ ድረስ በማሽኑ ተማምኖ የሚሠራበት መንገድ ማለት ነው። (ሰውየው ነገሩን ያነሣው ተሠርተው ለሚጣሉ የዕረፍት ቀን ሙከራዎች እንደሚበቃ አድርጎ ነበር፤ ስያሜው ግን ከተሰፈረለት ልክ አልፎ ሄዷል።) በኢትዮጵያም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መጀመሩ ሲታሰብ፣ ወደፊት ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከሚቀርቡት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በዚህ መሣሪያ ርዳታ የተሠሩ እንደሚሆኑ መገመት አያስቸግርም። ስለሆነም ጥርጣሬው ተገቢ መሆን አለመሆኑ፣ ተገቢም ከሆነ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹና ትርጉማቸው

ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው፣ ፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ድርጅት በየዓመቱ መጠይቅ ያሠራጫል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከመላሾቹ መካከል ከመቶ 76ቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች እንደሚጠቀሙ ወይም ለመጠቀም እንዳሰቡ ገልጸው ነበር። በ2025 ይህ ቁጥር ወደ 84 ከፍ አለ። በዚያው ዓመት ግን የመሣሪያዎቹን መልስ ትክክለኛነት እንደማያምኑ የተናገሩት ከመቶ 46 ሲሆኑ፣ እናምናለን ያሉት 33 ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀደመው ዓመት የሚያምኑት 43፣ የማያምኑት 31 ነበሩ። እንግዲህ ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር አማኙ አንሷል ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መቀበል አይገባም። በ2025 መጠይቁን የመለሱት ከ49 ሺህ በላይ ቢሆኑም በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው እንጂ በዕጣ የተመረጡ አይደሉም። ጠያቂው ድርጅትም ገለልተኛ ተመልካች ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ቀድሞ ወደ እርሱ ይመጡ የነበሩትን ጥያቄዎች የወሰዱበት እነዚሁ መሣሪያዎች ናቸውና። ድርጅቱ በዲሴምበር 2022 በቻትጂፒቲ የተዘጋጁ መልሶች በገጾቹ እንዳይለጠፉ መከልከሉም ይታወሳል። ይሁን እንጂ ከመጠይቁ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መላሾቹ ስላስመረራቸው ነገር ሲጠየቁ ከመቶ 66ቱ የጠቀሱት መልሱ ፈጽሞ ስሕተት መሆኑን ሳይሆን «ትክክል ለመሆን ጥቂት የቀረው» መሆኑን ነው። በግልጽ የተበላሸ ሥራ ማንንም አያታልልም፤ ይጣላል፤ ያበቃል። ጥቂት የቀረው ግን አይጣልም፤ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ሰዎች እየተጠቀሙበት መጠራጠራቸው እርስ በርሱ የሚጣረስ ጠባይ ተደርጎ መታየት የለበትም። በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ከሁሉ ይልቅ ለዚህ «ጥቂት የቀረው» ቅርብ ነው።

ሚዛን የማይደፉ ምክንያቶች

ለጥርጣሬው ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዳንዶቹ ሲመዘኑ ቀለው ይገኛሉ። «ማሽን አያስብም፤ ስለዚህ የጻፈው አይታመንም» የሚለው ክርክር በቀላሉ ይፈርሳል፤ ካልኩሌተርም አያስብም፤ ነገር ግን የሒሳብ መምህር የካልኩሌተሩን ድምር አይጠራጠርም። ፕሮግራመሮች እንጀራቸውን ስለሚፈሩ ያማርራሉ የሚለው አስተያየትም የቅሬታውን ሙቀት ያስረዳ ይሆናል እንጂ ቅሬታው ሐሰት መሆኑን አያስረዳም። በኖቬምበር 2022 በካሊፎርኒያ በጊትሃብ፣ በማይክሮሶፍትና በኦፕንኤአይ ላይ የቀረበው ክስ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ኮድ ያለ ተገቢ ዕውቅና ለማሽኑ መማሪያ ሆኗል የሚል ነበር። ይህ ከባድ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ያለ አግባብ የተሠራ ነገር በትክክል ሊሠራ ስለሚችል ከመታመን ጥያቄ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ማሽኑ ስሕተት ያበዛል የሚለው ምክንያት ከእነዚህ ይሻላል፤ ማስረጃም አለው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት «ኮፓይለት» የተባለውን መሣሪያ በ89 ሁኔታዎች ፈትነው 1,689 ፕሮግራሞች አስጽፈውታል፤ ከእነዚህም ከመቶ 40 ያህሉ የደኅንነት ቀዳዳ ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ሁኔታዎቹ ግን ሆነ ተብሎ ለስሕተት ከሚዳርጉት የተመረጡ ነበሩ፤ የተፈተነው መሣሪያም የዚያን ጊዜው ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ የሰው እጅስ ከዚህ ንጹሕ ነውን?

አይደለም። ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን እጅግ ያለፈ ጨረር አጥቅቷል፤ ከስሕተቶቹ አንዱ ይታይ የነበረው ኦፕሬተሯ በእጅ ቅልጥፍና የጻፈችውን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ስታርም ብቻ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ይዞ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ ማንም አይረሳውም። አፍንጫውን ወደ ታች የገፋው ሶፍትዌር ሰዎች ያሰቡትና ሰዎች የጻፉት ነበር፤ በአንድ መለኪያ ብቻ እንዲመራም የወሰኑት ሰዎች ናቸው፤ በ2018 በኢንዶኔዥያ ከደረሰው ከመጀመሪያው አደጋ በፊትም በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር።

ለዕቅድ አውጪ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ታሪክ ነው። «ሆራይዘን» የተባለው የሒሳብ መመዝገቢያ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በቅርንጫፍ ፖስታ ቤቶች ተዘረጋ። ፕሮግራሙ የሌለ ጉድለት ማሳየት ሲጀምር ጉድለቱ የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ስርቆት ተደርጎ ተቆጠረ፤ እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አንዳንዶቹም ታሰሩ። በዚያ አገር ፍርድ ቤቶች ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር ኮምፒዩተር በትክክል እንደሚሠራ ይገመታልና፣ ተከሳሹ የማያየውን ማሽን ስሕተት እንዲያስረዳ ተጠየቀ። እነዚህ ሰዎች ነጻ መውጣት የጀመሩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2019 ለተሰጠው ፍርድ በር የከፈተው፣ ፕሮግራሙን ያቀረበው ድርጅት የታወቁ ስሕተቶችን የሚመዘግብበት ሰነድ መቅረቡና ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች መጠየቃቸው ነበር። በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ።

እንግዲህ የሰው ፕሮግራምም ሰውን አስሯል፤ ገድሏልም። «ማሽኑ ስለሚሳሳት» የሚለው ብቻውን ልዩ ጥርጣሬን አያጸድቅም። ነገር ግን ከፖስታ ቤቱ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ዋሶቹ ለብዙ ዓመታት ቢደበቁም ነበሩ፤ መጨረሻ ላይም ተጠሩ። ኮዱን ያነበበው ሰው ባይኖር፣ ስሕተቱ የተጻፈበት መዝገብም ባይኖር ፍርድ ቤቱ ማንን ይጠይቅ ነበር?

ከቀድሞው መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር

ለአዲሱ መሣሪያ የሚከራከሩ ሰዎች ታሪክን ይጠቅሳሉ። የአይ.ቢ.ኤሙ ጆን ባከስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ፎርትራንን ሲያወጡ ብዙ ፕሮግራመሮች ማሽን የሰው እጅ የጻፈውን ያህል የተቀላጠፈ ኮድ ሊያወጣ አይችልም ብለው ተጠራጥረው ነበር። ጥርጣሬው ከጊዜ በኋላ ጠፋ፤ ዛሬ ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ቋንቋ የሚያነብ ፕሮግራመር ጥቂት ነው። ስለዚህ የአሁኑም ጥርጣሬ በተመሳሳይ መንገድ ይጠፋል ይላሉ።

ክርክሩ ማራኪ ነው፤ ግን ዋናውን ልዩነት ይዘለዋል። ኮምፓይለር የሚተረጉመው ትርጉሙ በደንብ ከተወሰነ ቋንቋ ነው። ውጤቱ ከተጻፈው ደንብ ሲያፈነግጥ ስሕተት መሆኑ ያለ ክርክር ይታወቃል፤ ይታረማል፤ እርማቱም ለሁሉም ይደርሳል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቀርበው ትእዛዝ ግን ተራ የሰው ንግግር ነው። «የተማሪዎች መመዝገቢያ ሥራልኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብዙ ሳይነገሩ የቀሩ ጉዳዮችን ይዟል፤ ማሽኑም ክፍተቱን ሳይጠይቅ ቀድሞ ካየው በብዛት በሚገኘው ይሞላዋል። ያው ጥያቄ ነገ ቢቀርብለት ሌላ ፕሮግራም ሊያወጣ ይችላል። በነገራችን ላይ የኮምፓይለሩም እምነት ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. የ1983ን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ የተመረዘ ኮምፓይለር በምንጩ ጽሑፍ ላይ አንዳች ምልክት ሳይታይ ተንኮልን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊያሳልፍ እንደሚችል አሳይቷል። የንግግሩም ፍሬ ነገር በመጨረሻ የሚታመነው ጽሑፉ ሳይሆን የጻፈው ሰው ነው የሚል ነበር።

ትክክል የሚመስል ስሕተት

«ጥቂት የቀረው» የሚባለው ነገር ለመምህራን ግልጽ እንዲሆን ከመዝገብ ቤት የተወሰደ ምሳሌ ይበቃል። የልደት ቀንን ከአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጥ ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ አለ እንበል። በይፋ የሚገኘው አብዛኛው ኮድ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ስለሆነ፣ ማሽኑ በቅርብ የሚያገኘው «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» የሚለውን የተለመደ ደንብ ነው። ደንቡ ከአራት ዓመት በሦስቱ ይሠራል። ነገር ግን የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጳጉሜን 6ን መስከረም 1 ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያም እስከ የካቲት 20 ድረስ ያለውን ቀን ሁሉ አንድ ቀን አሳልፎ ይጽፋል፤ በየካቲት መጨረሻ፣ የጎርጎርዮስ አቆጣጠርም በተራው ቀን ሲጨምር፣ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ትክክል ይሆናል።

ይህ ስሕተት በፍተሻ ጊዜ ላይገኝ ይችላል። ፈታኙ አሥር ወይም ሃያ ልደቶች ቢሞክር ሁሉም ትክክል ሊወጡለት ይችላሉ። ሊለውጠው ሲሞክር «ጳጉሜን 6» የሚባል ቀን የለም ብሎ የሚመልስ ፕሮግራምም የተለመደ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. የተወለዱት ሕፃናት በ2019 ዓ.ም. ለአንደኛ ክፍል ዕድሜ የሚደርሱ ናቸው። እናቲቱ የልደት ካርዱን ይዛ ስትመጣ መዝጋቢው ማሽኑ አልቀበል ስላለው ጳጉሜን 5 ወይም መስከረም 1 ብሎ ይጽፍና ወረፋውን ያሳልፋል። ከዓመታት በኋላ ለምስክር ወረቀትና ለፓስፖርት ሁለት ልደት ያለው ልጅ ይገኛል፤ ያስተካክል ዘንድም የሚሮጠው ልጁ እንጂ ፕሮግራሙን የሠራው አይደለም።

በፊደሉም በኩል እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። መምህር ፀሐይና ጸሀይ የአንዲት ተማሪ ስም መሆናቸውን ያውቃል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ አንድ ድምፅ እንዳላቸው ካልተነገረው በስተቀር ፍለጋው «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣችው ተማሪ እንደ አዲስ ትመዘገባለች፤ የቀድሞ ውጤቷም በሌላ ስም ተቀምጦ ይቀራል። የቤተሰብ ስም የሚጠይቀው ሣጥን፣ አባትን ከልጅ በመጨረሻ ስማቸው ለማዛመድ የሚሞክረው ዘዴ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዐይነት መንገድ የሚመጡ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ስለ ሀገሩ የማያውቅ የውጭ ፕሮግራመርም እነዚህኑ ስሕተቶች ይሠራል፤ ሠርቷልም። ልዩነቱ እንግዳው ሰው እንግድነቱ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ኮዱም ሆነ ንግግሩ ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ ይጠየቃል፤ ይጠይቃልም። የማሽኑ ጽሑፍ ግን ከሚያውቀውም ከማያውቀውም ጉዳይ እኩል በሆነ ልበ ሙሉነትና በተጣራ መልክ ይወጣል። መምህራን ይህን ጉዳይ ከሌላው ባለሙያ ይበልጥ ሊረዱት ይችላሉ። አንድ መምህር የተማሪን ደብተር ሲያርም እያንዳንዱን መስመር እኩል አያነብም። የተሰረዘው፣ የተደለዘው፣ ደረጃ የተዘለለበት ሥራ የት ቆም ማለት እንዳለበት ይጠቁመዋል። መልሱ ብቻ በሚያምር ጽሑፍ ሰፍሮ ሲቀርብለት ግን ያ ሁሉ ምልክት ይጠፋበታልና፣ ወይ ሁሉንም ከመጀመሪያው መሥራት አለበት፣ አለዚያም አምኖ ማለፍ አለበት። ከዚህ ቀደም የጽሑፍ ጥራት የትጋት ምስክር ነበር፤ ጥሩ የተሰየመ፣ በማብራሪያ የታጀበ ኮድ ያየ ሰው ጻፊው እንደደከመበት ይገምት ነበር። ይህ ምስክር ዛሬ አይሰማም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራውን የሚጠራጠሩ አንባቢዎች በአብዛኛው የሚያማርሩት ይህን የለመዱትን ምልክት ስላጡ ይመስላል።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ሠሪው ራሱ ስለ ሥራው የሚሰጠው ምስክርነት አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት 47 ሰዎች ከደኅንነት ጋር የተያያዙ ፕሮግራሞች እንዲጽፉ አድርገው ነበር። በመሣሪያው የተረዱት ካልተረዱት ይልቅ ደካማ ኮድ ጻፉ፤ ሆኖም ኮዳቸው አስተማማኝ ነው ብለው በማመን በለጡ። በ2025 ደግሞ መቀመጫው በርክሊ ካሊፎርኒያ የሆነ አንድ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን በሚያውቋቸው 246 እውነተኛ ሥራዎች ላይ ፈተነ። ሥራው በመሣሪያው ርዳታ ከመቶ 24 ያህል ጊዜ ይቆጥባል ብለው ገምተው ነበር፤ ከፈጸሙም በኋላ ከመቶ 20 ያህል ቆጥበናል አሉ። ሰዓቱ ሲቆጠር ግን ከመቶ 19 የበለጠ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። የተጠኚዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን በሚመለከት ከዚህ ጥናት ጠቅላላ ሕግ ማውጣት ስሕተት ይሆናል። በተሰማቸውና በሆነው መካከል የታየው ርቀት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሻጩ «በግማሽ ጊዜ ጨረስነው፤ እንከን የለውም» ሲል እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ እርሱም አምኖ ይሆናል።

ዕውቀቱ የት ተቀመጠ?

ዴንማርካዊው ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጣጥፍ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባያነሣም ለአሁኑ ክርክር ከሁሉ የበለጠ ብርሃን የሚሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። እርሱ እንደሚለው ፕሮግራም መጻፍ ማለት ጽሑፍ ማምረት ሳይሆን፣ የዓለሙ ጉዳይ እንዴት በፕሮግራሙ እንደሚያዝ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ በአእምሮ መገንባት ነው። ጽሑፉ የዚያ ንድፈ ሐሳብ ቅሪት ነው። ለዚህም አንድ ቡድን የሠራውን ኮምፓይለር ሌላ ቡድን እንዲያስፋፋው የተሰጠበትን ሁኔታ ያወሳል። ሁለተኛው ቡድን ሙሉ ሰነዱ ከነማብራሪያው ተሰጥቶት እንኳ ያቀረባቸው ማሻሻያዎች የመጀመሪያውን አሠራር የሚያፈርሱ ጥፍጥፎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቡድን አባላት ግን ይህን ወዲያው ያዩ ነበር። ኋላም ያለ እነርሱ ምክር በሌሎች እጅ ሲቆይ የፕሮግራሙ ጥንተ ቅርጽ በልዩ ልዩ ጭማሪዎች ተውጦ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ንድፈ ሐሳቡን የያዙት ሰዎች ሲበተኑ ፕሮግራሙ ሞተ ይላል ናውር፤ ምንም እንኳ መሥራቱን ቢቀጥል።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ የትምህርት ባህል ባዕድ አይደለም። የቅኔ መምህር ተማሪው ያቀረበውን ሰሙንና ወርቁን እንዲፈታ የሚጠይቀው ቅኔው መልካም መሆኑን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ቅኔው ከማን እንደወጣ ለማወቅም ነው። በናውር ሚዛን ሲታይ፣ ሠሪው ሳያነበው በማሽን የተጻፈ ፕሮግራም ገና ሲወለድ የመጀመሪያው ቡድን የተበተነበት ፕሮግራም ነው። ንድፈ ሐሳቡ በወጣቱ ዘንድ የለም፤ ማሽኑም ያችን ውይይት ከዘጋ በኋላ ለምን እንደዚያ እንደጻፈ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከትዝታ የወጣ ሳይሆን እንደ ገና የተቀናበረ ማብራሪያ ነው። ሠሪው አንብቦ፣ ጠይቆ፣ ቀይሮ የራሱ ያደረገው ፕሮግራም ግን፣ የመጀመሪያውን ቃል የጻፈው ማሽን ቢሆንም ዋስ አለው። የብዙዎቹ ተጠራጣሪዎች ድክመት እነዚህን ሁለት ዐይነት ሥራዎች በአንድ ስም መጥራታቸው ነው።

ንድፈ ሐሳብ የሌለው ሥራ ሲበዛ ሸክሙ ወደ አራሚው ይዛወራል። «ከርል» የተባለውን በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ፕሮግራም የሚመራው ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበሪ፣ በማሽን የተጻፉ የሌሉ ስሕተቶች ሪፖርት ጊዜውን እንደሚበሉበት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በይፋ አማርሯል። ይኸው ሰው በ2025 በችሎታ የተያዘ ተመሳሳይ መሣሪያ ያገኛቸውን እውነተኛ ስሕተቶች ደግሞ በአድናቆት ተቀብሏል፤ ይህም ጥላቻው ለመሣሪያው እንዳልሆነ ያሳያል። ጀንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ግን በኤፕሪል 2024 በማሽን የተጻፈ አስተዋፅኦ እንዳይቀበል ወስኗል። ሌላው እንግዳ ነገር የሌሉ ፓኬጆችን መጥራት ነው። ተመራማሪዎች 16 ሞዴሎች ባወጧቸው 576 ሺህ የኮድ ናሙናዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከተጠሩት ፓኬጆች ከመቶ 20 ያህሉ በዓለም ላይ የሌሉ ነበሩ። በክፍያ የሚገኙት ሞዴሎች ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ቢሳሳቱም ስሕተቱ አልጠፋባቸውም። ተንኮለኛ ሰው የሌለውን ስም አስቀድሞ ካስመዘገበው፣ ሳያነብ የሚሠራው ሰው ሌባውን በገዛ እጁ ወደ ቤት ያስገባል።

ጥርጣሬው ከልኩ ሲያልፍ

ጥርጣሬ ሁሉ ግን አይመሰገንም። በገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር የፔንዱለምን እንቅስቃሴ የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም በማሽኑ ርዳታ ሠርቶ ለተማሪዎቹ ቢያሳይ፣ ስሕተት ቢኖርባት እዚያው ክፍል ውስጥ ይታያል፤ መምህሩም ፊዚክሱን ስለሚያውቅ ያርማታል። ይህን መከልከል በብዙ ድካም የተገኘን ዕድል መዝጋት ይሆናል። ማርክ የሚደምረው፣ ደረጃ የሚያወጣው፣ ተማሪን ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያሳልፈው ፕሮግራም ግን የተለየ ነው፤ ስሕተቱን የሚከፍለው ሠሪው ሳይሆን በማያውቀው ስፍራ የተቀመጠ ልጅ ነውና። ጥርጣሬው መመዘን ያለበት በዚህ ነው። ፕሮግራሙ በማን እጅ ተጻፈ ከሚለው ይልቅ ሲሳሳት ማን ይከፍላል፣ ከፋዩስ ስሕተቱን ማየት ይችላል ወይ የሚለው መቅደም ይኖርበታል።

ለዕቅድ አውጪ ይህ ማለት በጨረታ ሰነድ ላይ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ አይቀበሉም» ብሎ መጻፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ክልከላ ማስከበር አይቻልም፤ ሐቀኛውን ብቻ ያስወጣል። የሚቻለው አቅራቢውን መፍታት ነው። ገዢው ከፕሮግራሙ መካከል ራሱ የመረጠውን ክፍል አሳይቶ፣ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ደንቡ ቢለወጥስ የት ይነካል ብሎ ፊት ለፊት ቢጠይቅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጠያቂው ፕሮግራመር መሆን አያስፈልገውም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይበቃል፤ ሁለት ፀሐዮችንና አንዲት የጳጉሜን 6 ልደት ይዞ መምጣት የሚችለው እርሱ ነውና። ፕሮግራሙ በተረከቡት መጀመሪያ ዓመት የወረቀቱ ሮስተር ጎን ለጎን እንዲሠራ፣ ስሕተት ሲገኝም ቀኑ፣ ያገኘው ሰውና ያረመው ሰው የሚጻፍበት ደብተር እንዲኖር ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ደብተር የሌለው መሥሪያ ቤት ነገ ተማሪው ሲከራከረው ማሽኑን ከማመን በስተቀር የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያን ሰሞን መዝገብ ቤቶች ለ2020 የትምህርት ዘመን ምዝገባ ላይ ይሆናሉ።